ከሰቆቃ የተረፈ ስደተኛ በአሜሪካ ሕግ ምን ያገኛል?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ሐበሻ በሚበዛባቸው ካፌዎች ስለ «ኬዝ»፣ ማለትም ስለ ኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ ሲወራ ሁለት አባባሎች አይጠፉም። አንዱ «ቶርቸር የተደረገ ሰው አሳይለሙ (ጥገኝነቱ) አለቀለት» ይላል፤ ሌላው «ጠባሳ ከሌለህ አትልፋ»። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ብዙ ሰውም አስከፍለዋል።

አሜሪካ ውስጥ የሰቆቃ ተጎጂዎችን ጉዳይ ጠቅልሎ የያዘ አንድ ሕግ የለም። ያሉት በተለያየ ጊዜ የወጡ፣ የተለያየ መሥሪያ ቤት የሚያስፈጽማቸው ሕጎች ናቸው። በአንዱ አገር ውስጥ ለመቆየት ይጠየቃል፣ በሌላው ላለመመለስ፣ በሦስተኛው ለመታከም፣ በአራተኛው ደግሞ ገራፊን ለመክሰስ። እያንዳንዱ የራሱ ጥያቄ አለው። በአንዱ የተሸነፈ በሌላው ሊያሸንፍ ይችላል፤ አንዱን ያገኘም ሌላውን አገኘ ማለት አይደለም።

ሕጉ «ሰቆቃ» የሚለው ምኑን ነው?

እኛ ግርፋት፣ ስቃይ፣ ሰቆቃ፣ ቶርቸር እያልን እንቀያይራለን። ሕጉ ግን ቃሉን ጠበብ አድርጎ ነው የያዘው። መነሻው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1984 ያጸደቀው ፀረ ሰቆቃ ስምምነት ሲሆን፣ ኢትዮጵያም አሜሪካም በ1994 ተቀብለውታል (የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በስምምነቱ አንቀጽ 1 መሠረት ድርጊቱ ሰቆቃ የሚባለው አራት ነገር ሲሟላ ነው። ሕመሙ ከባድ መሆን አለበት፤ የአካልም የአእምሮም ሊሆን ይችላል። ሆን ተብሎ የተደረገ መሆን አለበት። ዓላማ ሊኖረው ይገባል፤ ለማናዘዝ፣ ለመቅጣት፣ ለማስፈራራት ወይም ሰውን በማንነቱ ለይቶ ለማጥቃት። አራተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመንግሥት እጅ ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመው ባለሥልጣን ወይም በባለሥልጣን ስም የሚሠራ ሰው ነው፣ አለዚያም ባለሥልጣን እያወቀ ዝም ብሏል።

ይህ አራተኛው ነጥብ በሊቢያ በኩል ያለፉትን በቀጥታ ይነካል። ደላላ መጋዘን ውስጥ ዘግቶ፣ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ ድረስ በኤሌክትሪክ ሽቦ የገረፈው ወጣት የደረሰበት ስቃይ ከማንም አያንስም። በሕጉ ዓይን ግን ይህ የወንጀለኞች ሥራ ነው፤ የአካባቢው ፖሊስ ወይም ታጣቂ ባለሥልጣን እያወቀ ወይም እየተካፈለ ካልተፈጸመ በቀር። በዚያ ላይ ዳኛው የሚጠይቀው ሰውየው ሊመለስበት ስላለው አገር ነው፤ ሊቢያ የቀረ ጠባሳ ስለ አዲስ አበባ አይመሰክርም። ይህ ማለት ታሪኩ ይደበቅ ማለት አይደለም። ለጠበቃ መነገር አለበት፤ በኋላ እንደምናየው ማመልከቻ የዘገየበትን ምክንያት ሊያስረዳ ይችላል።

አካል ሳይነካ የሚፈጸመውንም ሕጉ ያውቀዋል፤ አሜሪካ ግን ስምምነቱን ስትቀበል አጥብባዋለች። የአእምሮ ጉዳቱ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መሆን አለበት፤ ምንጩም ከተዘረዘሩት አንዱ፦ ከባድ ድብደባ ወይም ዛቻው፣ አእምሮ የሚያዛባ መድኃኒት፣ «አሁን ትሞታለህ» የሚል ማስፈራሪያ፣ ወይም በሌላ ሰው ላይ ይህንኑ ለማድረግ መዛት። መርማሪው «ልጅህን እዚሁ እናመጣታለን» ያለው ከዚህ ሊገባ ይችላል። በሕግ የተፈረደ እስር ግን ብቻውን ሰቆቃ አይባልም።

ሰቆቃ ከደረሰብኝ አሳይለም አገኛለሁ ማለት ነው?

አሳይለም ከሁሉ በፊት «ለምን?» ይላል። በሕጉ ምክንያቱ ከአምስት አንዱ መሆን አለበት፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ ወይም የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ታስረው በአንድ ዱላ ተደበደቡ እንበል። አንዱ የተያዘው የተቃዋሚ ፓርቲ በራሪ ወረቀት ይዞ ነው፤ ሌላው ሞተር ሳይክል ሰርቀሃል ተብሎ። ሁለቱም ሰቆቃ ደርሶባቸዋል። አሳይለም የሚጠይቀውን «ለምን» የሚመልሰው ግን የመጀመሪያው ነው።

ምክንያቱ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ከተገኘ፣ ያለፈው ሰቆቃ ትልቅ ጉልበት አለው። ቀድሞ የተሳደደ ሰው ወደፊትም ይሳደዳል ተብሎ ይገመታል፤ «አይደለም፣ ነገሩ ተለውጧል» ወይም «በሌላ ክፍለ አገር ተደብቆ መኖር ይችላል» ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሜሪካ መንግሥት ጠበቃ ይዞራል። ያለፈ ነገር የሌለው ሰው ደግሞ የወደፊቱን ስጋት ራሱ ማሳየት አለበት። መመዘኛው ግን ከባድ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 በሰጠው ውሳኔ ከአሥር አንድ ዕድልም በቂ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል።

መንግሥት ሲለወጥስ? ከ2018 በፊት ማዕከላዊ የታሰረ ሰው ዛሬ ቢያመለክት «ያሰረህ መንግሥት የለም፤ ማዕከላዊም ተዘግቷል» መባሉ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ አመልካች የማያውቀው ቀዳዳ አለ። የወደፊቱ ስጋት ባይኖርም እንኳ፣ ያለፈው በጣም ከባድ ከነበረና ሰውየውን ወደዚያው ቦታ መመለሱ ኅሊና የማይቀበለው ከሆነ፣ ዳኛው በርኅራኄ አሳይለም ሊሰጥ ይችላል። ተራ ድብደባ እዚህ አይደርስም፤ ዘላቂ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያስከተለ ሰቆቃ ግን ሊደርስ ይችላል። ጠበቃው ካልጠየቀው ዳኛው ራሱ ያነሳዋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንለይ። ከኬንያው ካኩማ ወይም ከሌላ የስደተኞች ካምፕ በሪፊውጂ መልክ ተጣርቶ የመጣ ሰው ወረቀቱን ይዞ ነው የሚገባው፤ አሳይለም አይጠይቅም። እስካሁን ያልነውና ቀጥለን የምንለው የወረቀት ጣጣ አገር ውስጥ ገብቶ ከለላ የሚጠይቀውን ይመለከታል። ሕክምናው ግን ለሁለቱም ነው።

አንድ ዓመት ካለፈስ?

አሳይለም አሜሪካ በተገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ይህ ገደብ ከሰቆቃ የተረፉትን ከሌላው ይልቅ ያጠምዳቸዋል፤ ምክንያቱም ማመልከቻውን መጻፍ ማለት ለመርሳት የሚታገሉትን ነገር ገጽ በገጽ መዘርዘር ነው።

ደንቡ ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም። «ልዩ ሁኔታ» ከሚላቸው ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት የነበረ ከባድ ሕመም ወይም የአእምሮና የአካል ጉድለት ይገኝበታል፤ ቀድሞ የደረሰ ስደትና የኃይል ጥቃት ያስከተለውን ጨምሮ። ሰቆቃ በስሙ ባይጠራም የተጻፈው ለእርሱ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ጊዜ በሕጋዊ ቪዛ፣ ለምሳሌ በተማሪነት፣ የቆየ ሰውም በልዩ ሁኔታ ሊታይ ይችላል።

የሚበላሸው አቀራረቡ ላይ ነው። «ጭንቀት ነበረብኝ» ብቻ አይበቃም። የመንግሥቱ ጠበቃ «በዚያ ዓመት ኡበር ትነዳ ነበር፣ ግብር ከፍለሃል፣ ቤት ተከራይተሃል፤ ይህን የቻልክ ሰው አንድ ቅጽ መሙላት እንዴት አቃተህ?» ይላል። መልሱ ያለው በባለሙያ ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ ከጉዳቱ ምልክቶች አንዱ መሸሽ ነው። በቀን 16 ሰዓት የሚሠራው ሰው የሚሠራው ቤት ገብቶ ዓይኑን እንዳይጨፍን ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩን ከሚቀሰቅስ ወረቀት የሚሸሸውም ለዚሁ ነው። ደብዳቤው ሕመሙን ስም ከመስጠት አልፎ፣ ሕመሙ ማመልከቱን እንዴት እንደከለከለ ማገናኘት አለበት። ሲሻልም ወዲያው ማመልከት ያስፈልጋል። ደንቡ የቀን ቁጥር አላስቀመጠም፤ «ምክንያታዊ ጊዜ» ነው የሚለው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ወር ግን ማብራሪያ ይጠይቃል።

አሳይለም የተከለከለ ሰው ሌላ ምን አለው?

በስምምነቱ አንቀጽ 3 ማንም መንግሥት ሰውን ሰቆቃ ወደሚጠብቀው አገር መመለስ አይችልም። አሜሪካ ይህን በ1998 በሕግ አስገብታዋለች፤ ጠበቆች በአጭሩ «ካት» ይሉታል። እዚህ «ለምን» የሚል ጥያቄ የለም፤ ሞተር ሳይክል ሰርቀሃል የተባለውም ሰው ሊጠይቀው ይችላል። የአንድ ዓመት ገደብ የለውም። በወንጀል ምክንያት ሌላው ሁሉ የተዘጋበት ሰውም ቢሆን ከመባረር እንዲዘገይ የሚያደርገው ዓይነት አለው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ይህን አይጠይቅም? ሚዛኑ ከባድ ስለሆነ ነው። አሳይለም ላይ ከመቶ አሥር ያህል ስጋት ሊበቃ ሲችል፣ እዚህ ከግማሽ በላይ መሆን አለበት፤ ከመቶ 51 እንደማለት። ያለፈ ሰቆቃ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ግን ሸክሙን ወደ መንግሥት አያዞርም።

የሚሰጠውም ያነሰ ነው። አሳይለም ያገኘ ሰው ሚስቱን ወይም ባሏን እና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ለማምጣት በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ለግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። በካት የተጠበቀ ሰው የሥራ ፈቃድ ያገኛል፤ ቤተሰብ አያመጣም፣ ግሪን ካርድ አይኖረውም፣ ከአገር ወጥቶ መመለስም አይችልም። የተከለከለው ወደዚያ አንድ አገር መላኩ ብቻ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር መላክ ድሮ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ይመስል ነበር። በ2025 ግን በወንጀል የተፈረደባቸው ስምንት ሰዎች ጅቡቲ ላይ ለሳምንታት ተይዘው ከቆዩ በኋላ ወደ ደቡብ ሱዳን ተልከዋል፤ ከስምንቱ የደቡብ ሱዳን ሰው አንዱ ብቻ ነበር።

አሳይለምም ካትም የሚጠየቁት በአንድ ቅጽ፣ በአይ-589 ነው። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በፀረ ሰቆቃ ስምምነቱም ከለላ እንደምትፈልጉ የምታመለክቱባት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሳጥኗ ሳትነካ የምትታለፍበት ማመልከቻ ጥቂት አይደለም። ክፍል ለ ውስጥ ደግሞ አራተኛው ጥያቄ ስለ ሰቆቃ ስጋት ለብቻው ይጠይቃል፤ እዚያ «ከላይ ይመልከቱ» ብሎ ማለፍ ዕድልን ማባከን ነው። የአሳይለም ቢሮው ኦፊሰር የሚወስነው አሳይለምን ብቻ ነው፤ ካትን የሚያየው የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው። ለዓመታት በነጻ ሲቀርብ የነበረው ይህ ማመልከቻ በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ።

ጠባሳ ከሌለኝ በምን አስረዳለሁ?

ለዚህ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ፤ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ይባላል። በ1999 ተዘጋጅቶ በ2022 ታድሷል። ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰቆቃን እንዴት መርምረው እንደሚጽፉ ያስተምራል። ግልጽ አድርጎ ካስቀመጣቸው ነገሮች አንዱ፣ ምልክት አለመገኘቱ ሰቆቃ አልነበረም ማለት እንዳልሆነ ነው።

ወፌ ላላን እንውሰድ። እጅና እግር ታስሮ፣ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ውስጥ እግርን መደብደብ ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጠባሳ አይተውም። የሚቀረው ሌላ ነው፤ ከተረከዝ ሥር ያለው ትራስ መሰል ሥጋ ይጎዳል፣ ሰውየው ትንሽ ሲራመድ እግሩ ይቃጠላል፣ ሌሊት ያመዋል። በእጅ የተንጠለጠለ ሰው ደግሞ በብብት የሚያልፈው የነርቭ ጅማት ተስቦ ክንዱ ሊደነዝዝ ወይም ሊዝል ይችላል። ይህን የሚያገኘው የሠለጠነ ሐኪም ነው፤ በ15 ደቂቃ ቀጠሮ የሚያይ የሰፈር ክሊኒክ አያገኘውም።

ምርመራው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዴም ሁለት ቀጠሮ። ሐኪሙ ታሪኩን ይሰማል፣ በሰውነት ሥዕል ላይ እያንዳንዱን ምልክት ያሰፍራል፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ እያንዳንዱን በአምስት ደረጃ ይመዝናል፦ ከተባለው ጋር አይገጥምም፤ ሊገጥም ይችላል፤ በጣም ይገጥማል፤ የዚያ ጉዳት ዓይነተኛ ምልክት ነው፤ ከዚያ ሌላ ሊሆን አይችልም። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ ሁለተኛውን ደረጃ ሲያይ «ሐኪሙ አላመነኝም» ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛው ጠባሳ በተፈጥሮው ከዚያ አያልፍም፤ በዱላም በመውደቅም ሊመጣ ይችላልና። ሐኪሙ መደምደሚያውን የሚሰጠው ሁሉንም አንድ ላይ አይቶ ነው።

ለሐኪሙ ከሰቆቃ ያልመጣውን ምልክት መንገርም ይጠቅማል። ጀርባ ላይ ያለ የዋግምት ጭረት፣ በልጅነት ለሕመም ተብሎ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቦታ፣ ከእሳት ዳር የተረፈ ጠባሳ ካለ «ይሄ የዋግምት ነው» ማለት። ስለ ዋግምት ሰምቶ የማያውቅ አሜሪካዊ ሐኪም ያንን ከግርፋት ጋር ቢደምረው፣ በኋላ ሌላ ባለሙያ ሲያየው ምስክርነቱ በሙሉ ይናጋል። ለይቶ የተናገረ ሰው በቀሪው ይታመናል።

ይህን ምርመራ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሐኪሞችና የሕክምና ትምህርት ቤት ክሊኒኮች አሉ፤ ጥያቄው በአብዛኛው በጠበቃ በኩል ይላካል። ሐኪሙ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃው ቀኖቹንና የቦታ ስሞቹን ከማመልከቻው ጋር ማስተያየት አለበት። የሐኪሙ ወረቀት ላይ «ሦስት ሳምንት ታሰረ»፣ ማመልከቻው ላይ «ሁለት ወር» የሚል ከተገኘ፣ ለእርዳታ የመጣው ሰነድ የተቃራኒ ምስክር ይሆናል።

ታሪኬ እውነት ሆኖ ለምን አይታመንም?

በ2005 የወጣ ሕግ ዳኛ በማንኛውም የቃል መጣረስ፣ በዋናው ነገር ላይ ባይሆንም እንኳ፣ አመልካችን አላምንም እንዲል ይፈቅዳል። ከሰቆቃ የተረፈ ሰው ትዝታ ደግሞ የተሰባበረ ነው፤ የክፍሉን ሽታ ያስታውሳል፣ ቀኑን አያስታውስም። በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ይጨመርበታል።

ታኅሣሥ 15 ቀን 2008 ተያዘ፣ ታኅሣሥ 25 ተፈታ እንበል። በፈረንጆቹ የተያዘው ዲሴምበር 25 ቀን 2015፣ የተፈታው ጃንዋሪ 4 ቀን 2016 ነው። በአሥር ቀን ውስጥ የዓመቱ ልዩነት ከሰባት ወደ ስምንት ተለወጠ። በችኮላ ሰባት የደመረ ሰው የተፈታበትን ጃንዋሪ 2015 ብሎ ይጽፋል፤ ከመታሰሩ አንድ ዓመት ገደማ በፊት ተፈታ ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ያለው ሰው ከሌሊቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ ማለቱ ነው፤ አስተርጓሚው ዘንግቶ ስምንት ካለው፣ ወታደሮቹ በር የሰበሩት ጎረቤት ሁሉ በሚያይበት ጠዋት ወይም ምሽት ይሆናል።

የሚሻለው ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ፣ በራስ አቆጣጠር መጻፍ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ቀን ለይቶ መለወጥ፤ በትርጉሙ ላይም ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መተው። ቀኑን የማያስታውስ «የጥምቀት ሰሞን» ካለ እንዲያው ይጻፍለት፤ ያልታወሰን ቀን ፈልስፎ ማስገባት በመስቀለኛ ጥያቄ ይወጣል።

ቃላትም ይጎዳሉ። «ታሰርኩ» እስር ቤት ገባሁ ነው ወይስ በገመድ ተጠፈርኩ? ከሁሉ የከፋው «ደፈሩኝ» ነው። በአማርኛ ናቁኝ፣ አላከበሩኝም ማለትም ይሆናል፤ ተደፈርኩ ማለትም ይሆናል። የተናገረችው ሴት አንገቷን ደፍታ፣ አንዴ ብላው ዝም ካለች አስተርጓሚው ቀላሉን ትርጉም ይወስዳል። «ክብሬን ነኩ» ሲባል ደግሞ ይባስ ይደበዝዛል። በኋላ ጠበቃ በግልጽ ሲያስቀምጠው «በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ አልተናገረችም፣ የጨመረችው ነው» ይባላል። በቁጥጥር ሥር ባለች ሴት ወይም ወንድ ላይ በባለሥልጣን የተፈጸመ መደፈር በአሜሪካ ሕግ ሰቆቃ ተብሎ በስም ተጠቅሷል፤ ስለዚህ ቃሉ ሳይድበሰበስ መተርጎም አለበት። ሴት ኦፊሰር መጠየቅ ይቻላል፤ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

አሳይለም ቢሮ የሚቀርብ ሰው ከመስከረም 2023 ወዲህ አስተርጓሚ ራሱ ይዞ ይሄዳል፤ ዕድሜው 18 የሞላ፣ የጉዳዩ ምስክር ወይም ጠበቃ ያልሆነ። ፍርድ ቤት ግን አስተርጓሚ ያቀርባል። የሰፈር ሰው ይዞ መሄድ ርካሽ ነው፤ የሰፈር ሰው ፊት የማይነገር ነገር እንዳለ ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ «ኬዝ ጻፊዎች» ማለት የሚገባው አለ። ጠበቃ ሳይሆኑ በገንዘብ ታሪክ የሚያሰናዱ ሰዎች አንዱን ግርፋት ለአሥር ሰው ይሸጣሉ፤ ቃል በቃል የሚመሳሰሉ ማመልከቻዎች ኦፊሰሮች ፊት ይገናኛሉ። ሆን ተብሎ የተፈበረከ ታሪክ ተብሎ ከተፈረደ፣ አመልካቹ ከኢሚግሬሽን ጥቅም ሁሉ ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። እውነተኛ ታሪክ ያለው ሰው የሌላ ሰው ታሪክ ገዝቶ ሲገባ ማየት ከሁሉ ያሳዝናል።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ በጠመንጃ ተገድዶ ለታጣቂ ቡድን ስንቅ ወይም ገንዘብ የሰጠ ሰው «ድጋፍ ሰጥቷል» ተብሎ ሊታገድ ይችላል። የይቅርታ መንገድ ቢኖርም ጠበቃ ሳያዩ ቅጹ ላይ መመለስ አደገኛ ነው።

ሕክምናውን ማን ይከፍላል?

የሰቆቃ ተጎጂዎች እርዳታ ሕግ ጥቅምት 1998 መጨረሻ ላይ ተፈርሟል። ይህ ሕግ ለማንም የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም። ሥራው ገንዘብ መፍቀድ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ላሉ የተጎጂዎች ማገገሚያ ማዕከላት፣ በውጭ አገር ላሉት፣ ለተባበሩት መንግሥታት የሰቆቃ ተጎጂዎች ፈንድ። ዲፕሎማቶችም ተጎጂን ሳያቆስሉ እንዴት እንደሚያነጋግሩ እንዲሠለጥኑ ያዛል። ለአገር ውስጥ ማዕከላት ለ1999 በጀት ዓመት 5 ሚሊዮን፣ ለ2000 ደግሞ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ1999፣ በ2003 እና በ2005 ታድሷል።

«ፈቀደ» ማለት «ሰጠ» ማለት አይደለም። የእድር ደንብ «ድንኳን ይገዛል» ቢልም ገንዘብ ያዡ ካላወጣ ድንኳን የለም። እዚህም ኮንግረስ በየዓመቱ በጀት ካልመደበ ማዕከላቱ ሠራተኛ ይቀንሳሉ፤ የተጠባባቂው ዝርዝርም ይረዝማል። ስለዚህ ቀድሞ ደውሎ መመዝገቡ ነው የሚያዋጣው።

ከማዕከላቱ ቀደምቱ በ1985 ሚኒያፖሊስ የተቋቋመው የሰቆቃ ተጎጂዎች ማዕከል ነው፤ ሰሜን ኢትዮጵያ ካምፖች ለነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞችም ሠርቷል። ዋሽንግተን ያለውን ታስክ ጓቲማላ ውስጥ ሰቆቃ የደረሰባት አሜሪካዊት መነኩሲት ዳያና ኦርቲዝ በ1998 የመሠረተችው ሲሆን፣ ከተገልጋዮቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እንዲህ ያሉ ማዕከላት ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ቤትና ሥራ በማፈላለግ የሚረዳ ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ጠበቃ ያገናኛሉ።

«ለእነሱ የነገርኩት መንግሥት ጋ ይደርሳል?» ፈርማችሁ ካልፈቀዳችሁ አይደርስም። ልዩነቱ ባለሙያ ሁሉ በሕግ የሚገደድበት ነው፤ ራስን ወይም ሌላን የመጉዳት አደጋ ካለ፣ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ። በአማርኛ «ራሴን ይከብደኛል፣ ሰውነቴን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ መጀመር በቂ ነው። ከዓመታት በኋላም ይህ መዝገብ ይጠቅማል፤ ጉዳቱ ትምህርት መያዝ የከለከለው ሰው ለዜግነት ሲያመለክት፣ ኤን-648 በተባለው ቅጽ ሐኪም ካረጋገጠለት ከእንግሊዝኛና ከታሪክ ፈተናው ነጻ ሊሆን ይችላል።

የገረፈኝን ሰው እዚህ ባየውስ?

አትላንታ ውስጥ ሆቴል ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 (ከፍተኛ በደርግ ጊዜ የከተማ ወረዳ ነው) ሊቀ መንበር የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን እዚያው ሆቴል ውስጥ አገኘችው። በ1990 ከሁለት ሌሎች ተጎጂዎች ጋር በፍትሐ ብሔር ከሰሰችው፤ በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረደ፤ ይግባኙም በ1996 ጸና። የተጠቀሙበት፣ የውጭ ዜጋ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲከስ የሚፈቅደው የ1789 አሮጌ ሕግ ከ2013 ወዲህ በጠቅላይ ፍርድ ቤት በጣም ጠብቧል። አሁን ዋናው መንገድ በ1992 የተፈረመው የሰቆቃ ተጎጂዎች ጥበቃ ሕግ ነው፤ የሚከሰሰው ግለሰብ ነው፣ ጊዜው አሥር ዓመት ነው፣ በአገር ቤት ፍትሕ መፈለጉ ከንቱ እንደሆነ ወይም ተሞክሮ እንዳልተሳካ ማሳየትም ያስፈልጋል።

ፍርዱ ገንዘብ እንጂ እስር አልነበረም። እንዲያውም ቀልቤሳ በ1995 የአሜሪካ ዜግነት አግኝቷል። በኋላ ዜግነቱ ተገፍፎ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ በ2002 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር። ዴንቨር ላይ በቀድሞ እስረኛ የታወቀው የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁም በ2014 የ22 ዓመት እስራት የተፈረደበት በሐሰት ማንነት ዜግነት በማግኘቱ ነው። በግርፋቱ ያልተከሰሰበት ምክንያት አለ። ሰቆቃን ወንጀል ያደረገው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የወጣው በ1994 ስለሆነ ወደኋላ ተመልሶ የ1970ዎቹን አይነካም።

እንዲህ ዓይነት ሰው ያየ ሰው ፊት ለፊት ባይገጥመው ይመረጣል፤ ካወቀ ይሰወራልና። የታየበትን ቦታና ቀን፣ የድሮ ስሙንና ሥልጣኑን፣ አብረው የታሰሩ ሌሎች ምስክሮችን መጻፍ። ጥቆማ የሚቀበል የጦር ወንጀለኞችና የሰብአዊ መብት ጣሾች ክፍል አለ፤ ያለው ግን ወረቀት የሌለውን ሰው በሚያባርረው መሥሪያ ቤት፣ በአይስ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ያልተጨረሰ ሰው ከመደወሉ በፊት ጠበቃውን ያማክር፤ ጠበቃው በስሙ ሊያቀርብለት ይችላል።